ጊፋታን ጭነን ወደ ሃላሌ

ልጄ ከሃላሌ ደውላ ለጊፋታ እንደማትመጣ ስትነግረኝ እጄ እስከ አንጓው ድረስ ዳጣ ነበር። ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እየደቆሰ ያለ ሰው ስልክ አያነሳም፤ ሶዶ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሴት የለችም። እኔ ግን የልጄን ቁጥር ሳይ ጥንቃቄ የሚባል ነገር ይጠፋብኛል። ብድግ አድርጌ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ሲቃጠል ዋለ፤ ከወሬው ይሁን ከቃሪያው እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጊፋታ የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ ነው። በመስከረም አጋማሽ እሑድ ቀን ይውላል፤ ዝግጅቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ወንዶቹ ለሰንጋው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ከጎረቤት ጋር ተቧድነው ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። የተጣላ ይታረቃል፣ የራቀ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ሁሉም ያገኘው መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ወደ አባቱ ቤት ይገባል። ሃላሌ ደግሞ ሌላ አገር አይደለም፤ እዚሁ ወላይታ ውስጥ ነው። እዚሁ ሆና እንዴት አልመጣም ትለኛለች?

ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። ተመርቃ ሃላሌ ከተመደበች ገና ዓመት አልሞላትም። በበዓል ቀን ተረኛ ያደረገሽ ማን ነው ብዬ ስጮህባት ማንም እንዳላደረጋት፣ ራሷ ፈልጋ እንደገባች ነገረችኝ። የሥራ ባልደረባዋ ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ልጆቹ ያሉት በዴሳ ከተማ፣ አያታቸው ጋ ነው። እሷ ወደ ልጆቿ ትሂድ፣ እኔ ልጅ የለኝም ብላ ተረኝነቱን ተቀበለቻት። ልጅ ባይኖርሽ እናት አለሽ እኮ አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ዳጣው ተመለስኩና የቀረውን ቃሪያ ምን እንዳደረገኝ እንጃ፣ ድቅቅ አደረግኩት።

አሁን የመጀመሪያውን ጉርሻ ነገር ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ አይገባም። የባለቤቴ አባት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ከሶዶ ወጣ ብሎ ዳሞታ ተራራ ሥር ነው የሚኖሩት። ጊፋታ የሚበላው እሳቸው ቤት ነው። ከእንሰት የሚሠራው፣ በቅቤና በቅመም የራሰው ሙቹዋ በትልቅ ገበቴ ይቀርብና ሁላችንም እንከበዋለን። አባባ ይጸልያሉ፣ ከዚያ በእጃቸው ያጎርሱናል። እሳቸው ሳያጎርሱት ማንም እጁን አይሰድም። ተራው በዕድሜ ነው፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ከዚህ ሥርዓት ውጪ የሆነች አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ እሷም ልጄ ናት።

እሷ ሕፃን ሳለች እኔ ገሱባ አካባቢ አስተምር ነበር። ልጄን ጡት አስጥዬ አያቶቿ ጋ ትቻት በሳምንቱ መጨረሻ እየመጣሁ አያታለሁ። አንድ ክረምት ታመመችና እህል እምቢ አለች። ሐኪም ጋ ተወስዳ መድኃኒቷን ጨርሳለች፣ ትኩሳቱም ለቋታል፤ አፏ ግን አልከፈት አለ። ገንፎ ይዤ እለምናታለሁ፣ ወተት ይዤ እለምናታለሁ፣ እሷ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ታየኛለች። ጊፋታ ደረሰ። አባባ ከገበቴው ቆንጥረው ታላላቆቹን ሁሉ አልፈው መጀመሪያ ወደ እሷ ዘረጉ። አፏን ከፈተች። ዋጠችና ደግሞ ሌላ ለማግኘት እጃቸውን ያዘች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ ሴት አያቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እየጨፈሩ ወጡ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያው ጉርሻ የእሷ ሆኖ ቀረ። ጢማም አጎቶቿ ምራቃቸውን እየዋጡ ተራ ይጠብቃሉ፣ እሷ ትቀድማለች።

እውነቱን ልናገርና እኔ በዚህ ነገር እቀና ነበር። አምጬ የወለድኳት እኔ፣ ለምኜ ያልከፈተችልኝን አፍ የከፈተችው ለእሳቸው። በየዓመቱ ገበቴው ሲቀርብ ደስ ይለኛል፤ ደስ እያለኝም አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርገኛል። ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም። ምን ተብሎ ይነገራል?

ቅዳሜ ታናሿን ልጄን ይዘን ወደ አባባ ወጣን። መርዶ የምናደርስ ነበር የመሰለኝ። ባለቤቴ ነገር ማለዘብ ይወዳል፤ ስለ መንግሥት ሥራ ጀመረ፣ ስለ ኃላፊነት ቀጠለ፣ ስለ ወላዶች ሊናገር ሲል አላስቻለኝምና አቋርጬው አትመጣም አልኩ። አባባ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በወላይትኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሃላሌ ጊፋታ አይበላም ወይ አሉ።

ባለቤቴ ይበላል እንጂ፣ እዚያም ያው ወላይታ ነው አላቸው።

«እንግዲያ ነገ እዚያ እንበላለን» አሉ አባባ።

ይህ ነገር እንዴት እንደከበደን የሚያውቅ ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ ትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል እንጂ ትልቅ ወደ ትንሽ አይሄድም፣ ያውም በጊፋታ። ባለቤቴ አባቱ የተቆጡ መስሎት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። እኔ ግን ፊታቸውን አይቼ ገብቶኛል፤ ከልባቸው ነው። ልቤ ዘለለ። ታናሿ ልጄ ደግሞ እኔ መፍቀዴን እንኳ ሳታይ ጫማዋን ማጥለቅ ጀምራለች፤ የምንሄደው በማግስቱ መሆኑን ስንነግራት ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች።

መኪናው የተገኘው ከጎረቤታችን ነው። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ የሚያከብረው መስቀልን ነው፤ በቅርጫው ግን ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ነው። በጊፋታ ቀን ማንም አይሳፈርም ብሎ ሚኒባሱን አጥቦ አቁሞ ነበር። ባለቤቴ ደውሎ ነገሩን ሲያስረዳው አባባ መኪና ሊሳፈሩ ነው የሚለውን ደጋግሞ አስነገረው። የአባባና የመኪና ጠብ በሰፈሩ ይታወቃላ፤ ገና ሲሳፈሩ ያጥወለውላቸዋል። ይህን ሳላይማ አልቀርም ብሎ ጠዋት መጣ።

እሑድ ገና ሲነጋ በሬው ታረደ። የባለቤቴ ወንድሞች ከነቤተሰባቸው ተሰብስበዋል። አባባ ሳያጎርሱ ማንም አይጀምርም፣ አባባ ደግሞ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይሰጡ ለማንም አያጎርሱም፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ባለቤት ሃላሌ ናት። ስለዚህ ወንድሞቹ እስክንደርስ ሳይበሉ ሊጠብቁ ተስማሙ። መቼም ተስማሙ እንበል እንጂ ጥሬ ሥጋውን እያዩ ያደረጉት ስምምነት ነው። በላች ብለን በስልክ ስናበስራቸው ታላቅ ወንድማቸው በአባባ ቦታ ሊያጎርስ ተወሰነ። ሲሸኙን ሁሉም አንድ ነገር ነው ያሉን፤ ቶሎ በሉ።

ሙቹዋው በገበቴው ሆኖ በኮባ ተሸፈነ። ሥጋው በሌላ ኮባ ተጠቀለለ። ዳጣው በብልቃጥ፣ ቅቤው በሳህን። ታናሿ ልጄ ገበቴውን ጭኔ ላይ ካልያዝኩ ብላ አለቀሰች፤ ገበቴው እሷን ያህላል፤ እኔና እሷ ተጋርተን ያዝነው። አባባ ጋቢያቸው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለውን ዱንጉዛቸውን ደርበው፣ ሎሚ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ፊት ወንበር ተቀመጡ። በአማርኛቸው ሹፌሩን «አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ቀስ ብላ መሄድ ያውቃል?» አሉት። ያውቃል አላቸው። ዋሽቷል።

እስከ ገሱባ ድረስ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አዲስ የለበሱ ሕፃናት፣ ችቦ የተሸከሙ ጎረምሶች፣ ሁሉም መኪናውን ሲያዩ ዮዮ ጊፋታ እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ታናሿ ልጄ በመስኮት ወጥታ ልታልቅ ምንም አልቀራትም፤ ላገኘችው ሁሉ ትመልሳለች። ባለቤቴ መዝፈን ጀመረ። ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ቆሞ እንኳ ድምፁን የሚደብቅ ነው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ገበቴው ተንሸራተተ፤ አባባ ዞረው በዓይናቸው ገሠጹኝ። ስልኩም በየመንደሩ ይጠራል። የባለቤቴ ወንድሞች ናቸው፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በላች ወይ ነው የሚሉት። ገና ገሱባ ነን ስንላቸው የሚያሰሙት ድምፅ ያሳዝናል።

ከገሱባ ወዲያ መንገዱ ተበላሸ። የመስከረም ዝናብ ያራሰው ዳገት ላይ ሚኒባሱ ጎማው ተዋጠና ቆመ። ባለቤቴ ወርዶ ገፋ፤ በጭቃ ተለበጠ። ወዲያው ከየቤቱ ሰዎች ወጡ፤ የበዓል ልብሳቸውን ሳይሳሱ ትከሻቸውን ሰጡና መኪናውን ነቅለው አወጡት። መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግቡና ቅመሱ አሉን። በጊፋታ ቀን የሰው ደጅ ደርሶ ሳይቀምሱ መሄድ ነውር ነው፤ ያውም በጭቃ ለገፋልህ ሰው። አባባ ደግሞ ጉርሻውን ሳይሰጡ አይቀምሱም። እሳቸው ካልቀመሱ እኛም አንቀምስም። ባለቤቴ መሃል ላይ ቆሞ ይንተባተባል፤ የገፉልን ሰዎች ሊቀየሙ ነው፤ እኔም መምህርነቴ ተነስቶብኝ ልገላግል ስል ነገሩን አባስኩት።

አባባ ከመኪናው ወረዱ። ሎሚያቸውን እንደያዙ ነገሩን ከመጀመሪያው አወሩላቸው፤ ሕፃኗ እምቢ ስላለችው እህል፣ ስለዚያ ዓመት ጉርሻ፣ አሁን ሰው የምታዋልድ ስለመሆኗ። አንዲት አሮጊት ወደ ቤታቸው ተመለሱና በኮባ ላይ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። ገበቴውን አስከፍተው ሙቹዋው ላይ ጣል አደረጉበትና ይሄ የእኛ ነው፣ ለእሷ አድርሱልን አሉ። እጃቸውን ስሜ ተሳፈርኩ። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ አለቀስኩ፤ ጭቃ ዓይኔ ገባ ብዬ ታናሿን አታለልኳት።

ሃላሌ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው ጥበቃ የማን ቤተሰብ እንደሆንን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ግን ልጄ ከጠዋት ጀምሮ ከምታምጥ ሴት ጋ እንደሆነች ነገረን። መቼ እንደምትወልድ አይታወቅም። አግዳሚ ወንበር አወጣልን። አባባ ተቀምጠው ገበቴውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ያጣደፈኝ ነገር አሁን መሄጃ አጥቶ እዚያ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አንከራተተኝ።

መጠበቅ አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ሁለት ሳይሆን አሥር ልጆች እንዳሏት እናት ነው የምትጮሂው ይለኛል ባለቤቴ። ግን ያን ቀን ግድግዳውን እያየሁ የማስበው ሌላ ነበር። ልጄ ቤት ሳለች ፀጉሯን አበጥራ ማበጠሪያውን የምትጥልበትን ቦታ አሰብኩ። በየጠዋቱ እንጨቃጨቅበት ነበር፤ አሁን ማበጠሪያው ቦታው ላይ ነው፣ እኔም ስለ ማበጠሪያ የማናግረው ሰው የለኝም። በጌታ ፊት ለትልልቁ ነገር አመሰግናለሁ፤ ለዚያ ጭቅጭቅ ግን አንድ ቀን አመስግኜ አላውቅም ነበር። እዚያ ቆሜ አመሰገንኩ። ታናሿ በጭቃ ጫማዋ ቀሚሴን ስትረግጠው እንኳ ዝም አልኳት፤ ደንግጣ ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ጥበቃው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ማን እንደወለደች እንኳ አላውቅም። ታናሿ ተከተለችኝ። ባለቤቴ የሰው ሥራ ቦታ ነው፣ ዝም በሉ ይላል፣ ራሱ ግን ያጨበጭባል።

ልጄ ቆይታ ወጣች። እጇን ታጥባ ውሃው ከክርኗ እየተንጠባጠበ ነው። ያየሁት ድካሟን ነው፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እሷ ግን እኔን አላየችም። ወንበሩ ላይ ገበቴ ይዘው የተቀመጡትን አየች። ቆመች። አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ሮጣ መጥታ አባባ እግር ላይ ተደፋች። አባባ፣ በመኪና መጡ ወይ ትላለች፤ አባባ ሎሚውን ያሳዩዋታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ።

አባባ ጸለዩ። አጭር ነበር፤ እሳቸውም ርቧቸዋል። ኮባውን ገለጡ። ከመሃሉ፣ የዚያች አሮጊት ቅቤ ቀልጦ ከገባበት፣ ቆንጥረው ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ እሷ አነሱ። ልጄ አፏን አልከፈተችም።

እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና በወላይትኛ ተናገረች። አራሷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ባሏ ቤተሰብ ሊያመጣ ወደ ቆላው ወርዶ አልተመለሰም። በጊፋታ ቀን ከጎኗ አንድ ዘመድ የላትም።

«አባባ፣ ዛሬ መጀመሪያ እሷ ትጉረስ።»

ቅቤው በአባባ ጣቶች መሃል ይወርዳል። ጉርሻውን አዩት፤ እሷን አዩ። ይህን ጉርሻ በመኪና ጭነው፣ ሎሚ እያሸተቱ፣ በጭቃ አልፈው ያመጡት ለአንዲት አፍ ነው። ከዚያ ተነሱ። አንድ እጃቸውን ከጉርሻው ሥር እንደ ሳህን አድርገው፣ ልጄ በክንዳቸው ይዛቸው ገቡ። እኔ በበሩ ተመለከትኩ። አልጋው ላይ ያለችው ከልጄ የምታንስ ትመስላለች። አንድ የማታውቃቸው ሽማግሌ በጊፋታ ልብሳቸው ሲገቡ ደንግጣ ልትነሳ ሞከረች። አባባ አትነሺ አሏት፤ መርቀው አጎረሷት። እያኘከች ዓይኗ በእንባ ሞላ። ደግሞ እጃቸውን ያዘች፤ ልክ የዚያን ዓመት ልጄ እንዳደረገችው። አባባ ልጄን ሙሉ ሳህን እንድታመጣላት አዘዙ።

ስንወጣ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ወንድሙ ነው። ድምፁ እኛም ድረስ ይሰማል፤ በላች ወይ? ባለቤቴ አባቱን አየ።

አባባ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ «በላች በለው። ይብሉ» አሉ።

«አባባ፣ የት በላች?» አልኳቸው። ባልናገር ነበር የሚሻለኝ፣ ግን እኔ ነኝ። «ገና አልቀመሰችም እኮ።»

«አላየሽም እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «አሁን እንዲህ ነው የምትበላው።»

በስልኩ ውስጥ ዳሞታ ሥር ያለው ቤት በሙሉ ሲያጓራ ተሰማ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ኮርቻለሁ። ግን ልጄ ሳህን ይዛ ወዲህ ስትመጣ ግድግዳውን ስትደገፍ አየኋት፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልበላች አውቃለሁ፤ እናት ነኝ፣ በነገር ብቻ የበላ ሰው አላውቅም። ወደ ገበቴው ጎንበስ ብዬ አባባን አየኋቸው። እሳቸው ገበቴውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ያላደረግኩት ነበር። ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩ፤ ስስታም እንዳልባል ሳይሆን ዓመታቱን ሁሉ አንድ ላይ ላጎርሳት ፈልጌ ነው። አፍሽን ክፈቺ አልኳት፣ ገንፎ ይዤ እለምናት በነበረበት ድምፅ። ልጄ ነጩን ጋውኗን በእጇ ወደ ኋላ ይዛ ጎንበስ አለችና አፏን ከፈተችልኝ።